የድሮ ቦክስ፣ አዲስ ሶኬት፣ የማይገጥም ብሎን

ቅዳሜ፣ የካቲት 15/2017 ዓ.ም.

የእማዬ ቤት ሶኬቶች 9 ናቸው። ከ9ኙ 6ቱ ይወዛወዛሉ። ሐሙስ ዕለት ካውያ ስትነቅል ሶኬቱ ከነሽቦው ተመዝዞ መጣ። የአንዱ ሽቦ ላስቲክ ተሰነጣጥቆ መዳቡ ይታያል። እጇን አልነካውም፣ ተመስገን። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ልቀይር ተነሳሁ።

ቤቱ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። አያቴ በ1950ዎቹ መጨረሻ ያሠራው የድንጋይ ቤት ነው። ሽቦው ግድግዳው ውስጥ በብረት ቱቦ ነው የሚሄደው። የሶኬት ቦክሶቹም ብረት ናቸው፤ ካሬ፣ ከግድግዳው ጋር አብረው የተገነቡ። ዝገት ነክቷቸዋል፣ ግን ጠንካሮች ናቸው። ሶኬቶቹ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተቀይረዋል። ቦክሶቹን ግን የነካቸው የለም። በኋላ የተሠራው ኩሽና ብቻ የፕላስቲክ ቦክስ አለው።

ፒያሳ ሄጄ 9 ሶኬት ገዛሁ። ነጭ፣ ካሬ፣ ጎኑ 86 ሚሊሜትር፣ 16 አምፔር። አንዱ 280 ብር፣ በድምሩ 2,520። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ብሎን አብሮት ይመጣል።

ቴስተሩን መጀመሪያ መብራት ባለበት ሶኬት ላይ ሞከርኩት፣ በራ። ብሬከሩን ጣልኩና እንደገና ሞከርኩ፣ ጠፋ። ይህን ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማደርገው። የተበላሸ ቴስተርም እኮ አይበራም።

የሳሎኑን የመጀመሪያ ሶኬት ፈታሁ። በአንድ በኩል አሮጌ የነሐስ ብሎን ነበረው። በሌላው በኩል የእንጨት ብሎን በመዶሻ ተመትቶ ገብቷል። የሚወዛወዘው ለዚህ ነው።

አዲሱን ሶኬት አስጠጋሁት። ቀዳዳዎቹ ልክክ አሉ። ደስ አለኝ። ብሎኑን ሳስገባው ግን አፉ ላይ ቆመ። ቀዳዳው ይጠበዋል። በካቻቢቴ ተጫንኩት፣ ግማሽ ዙር ገባ። ትንሽ ጨመርኩ፣ የብሎኑ ጭንቅላት ተላጠ። በፒንሳ ነቅዬ አወጣሁት። የቦክሱ ቀዳዳ የመጀመሪያ ጥርስ፣ ብሎኑ የሚዞርበት ጠመዝማዛ መስመር ማለቴ ነው፣ ተጎድቷል። አቆምኩ። የድሮውን ሶኬት መልሼ አሰርኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ብሎኑ ወፍራም ከሆነ ቀጭን ልፈልግ ብዬ ገበያ ወጣሁ። ሰኞ የደሴ ገበያ ስለሆነ ከየቦታው የመጣ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ከአንድ የብሎን መደብር 3.5 ሚሊሜትር 20 ፍሬ ገዛሁ፣ አንዱ 6 ብር።

በጣቴ ሦስት ዙር ገባ። አገኘሁት አልኩ። አራተኛው ላይ ጠበቀ። ዝገት መሰለኝ። ቅባት ነፋሁበት፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ፣ እንደገና ሞከርኩ። ያው ነው። በፒንሳ አዞርኩት። ቀጭ አለና ተሰበረ፤ ግማሹ ቀዳዳው ውስጥ ቀረ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት በደንብ ልጻፈው። በጣት ሦስት ዙር የገባ ብሎን የገጠመ ይመስላል። ገጥሞ ቢሆን ኖሮ እስከ መጨረሻው በጣት ይገባ ነበር። መሃል ላይ የሚጠብቅ ብሎን ወይ ቆሻሻ አግኝቶታል፣ ወይ ጥርሱ ሌላ ነው። ቆሻሻ ከሆነ ወደ ኋላ መልሰህ ስታጸዳው ይለቅቃል። ጥርሱ ሌላ ከሆነ በጉልበት አይሆንም። እኔ ሳልለይ ነው ጉልበት የጨመርኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ዛሬ ረመዳን ገባ። እማዬም ሁዳዴ ላይ ናት። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ገጥመዋል። አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ካፈጠሩ በኋላ ሄጄ ነገርኳቸው።

«አብሽር» አሉኝ። «የሶኬቱን የድሮ ብሎን አልጣልከውም አይደል?»

አልጣልኩትም። የነሐሱን ብሎን ከኪሴ አወጣሁ። እሳቸው ደግሞ ከአልጋ ሥር አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወጡ። ግማሽ ድረስ ብሎን ነው። ሮንዴላና ዳዶም አለበት። ከደርግ በፊት የፈቱት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

የነሐሱን ብሎንና የገዛሁትን 3.5 ጎን ለጎን አድርገው፣ ጥርስ በጥርስ አነካክተው፣ አምፖሉ ፊት ያዙት። «እየው» አሉኝ። ዓይኔን አስጠጋሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥርሶች እርስ በርስ ተጠላልፈው ብርሃን አያሳልፉም። አራተኛው ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ታየች። አምስተኛው ላይ ሰፋች። ስምንተኛው ላይ የአንዱ ጥርስ አናት በሌላው ጥርስ አናት አጠገብ ቆሟል። አንድ ሳምንት ሙሉ ያለፋኝ ነገር ይኸው ነበር፤ በሁለት ጣት መሃል።

በካሊፐር ለካን። የነሐሱ ውፍረት 3.6 ሚሊሜትር ነው። አሥር ጥርስ ስንለካ 6.6 ሚሊሜትር ሆነ። ስለዚህ ከጥርስ እስከ ጥርስ 0.66 ነው። የእኔው ብሎን ውፍረቱ 3.5፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 0.6 ነው። ከሶኬቱ ጋር የመጣው ደግሞ ኤም 4 ሲሆን ውፍረቱ 4፣ ጥርሱ 0.7 ነው።

«የእንግሊዝ ነው» አሉ አባባ። «ቢኤ 4 ይባላል። ያን ጊዜ ቦክሱ ከእንግሊዝ ነበር የሚመጣው።»

ማታ ስለ ጉዳዩ አነበብኩ። ቢኤ የሚባለው የብሎን ጥርስ መለኪያ በ1884 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ለትንንሽ ብሎኖች። የገረመኝ ነገር፣ እንግሊዞች በኢንች እየሠሩ ይህ ግን ከመነሻው በሚሊሜትር የተሰላ መሆኑ ነው። ቢኤ 0 ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር፣ ጥርሱ 1 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር የጥርሱ ርቀት ከበፊቱ 0.9 እጅ ይሆናል። 0.9ን አራት ጊዜ በራሱ ብታባዛው 0.656 ይመጣል። የኛ 0.66 ማለት ነው። የጥርሱ ማዕዘንም 47.5 ዲግሪ ነው፤ የሜትሪኩ ግን 60 ነው። ወደ 1970 እ.ኤ.አ. ገደማ እንግሊዞችም ለሶኬት ቦክስ ወደ 3.5 ሚሊሜትር ሜትሪክ ብሎን ዞሩ። የኛ ቤት ከዚያ በፊት ያለቀ ነው።

ወጥመዱ የቀዳዳዎቹ ርቀት ነው። የድሮው ቦክስም የዛሬው ካሬ ሶኬትም ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ 60 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፊት ለፊት ስታየው ይገጥማል። የማይገጥመው ውስጡ ነው።

አባባ ከቆርቆሮው ውስጥ 5 ቢኤ 4 ብሎን አገኙልኝ። ለ8 የብረት ቦክስ 16 ያስፈልገኛል። ገበያ ላይ አይገኝም፤ ሦስት መደብር ጠይቄ የሰማው እንኳ የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ብሎን የማይፈልግ ሶኬት ልሞክር አልኩ። ክቡ ሶኬት በጎንና በጎን ሁለት ጥፍር አለው፤ ብሎኑን ስታጠብቀው ጥፍሮቹ ተከፍተው የቦክሱን ግድግዳ ይነክሳሉ። 320 ብር ገዛሁ። መኝታ ቤት ገጠምኩት። በመጀመሪያ ጥሩ ይዞ ነበር። ፊሽ እየሰካሁ እየነቀልኩ ሃያ ጊዜ ያህል ሞከርኩት። ወደ መጨረሻው መንሸራተት ጀመረ። የብረቱ ጎን ለስላሳ ስለሆነ ጥፍሩ የሚነክሰው ነገር የለውም። አውጥቼ ሳየው ደግሞ አንዱ ጥፍር የአሮጌውን ሽቦ ላስቲክ ጫር አድርጎታል። የብረት ቦክስ ውስጥ ይህ ያስፈራል። ተውኩት።

ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ነው። የቦክሱን ጥርስ ወደ ኤም 4 መቀየር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ጥርስ ማውጫው፣ ታፕ የሚሉት፣ ደሴ ላይ የጠየቅኳቸው ሱቆች የነበራቸው ትልልቁን ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ሂድ አሉኝ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ 25 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ የማሽን ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ኤም 4 ሦስት ታፕ ያለው ስብስብ በ650 ብር ገዛሁ። መያዣው 380። 3.3 ሚሊሜትር ፑንታ ሁለት፣ አንዱ 90 ብር። ለተሰበረው ብሎን 2 ሚሊሜትር ፑንታ፣ 60 ብር። ትራንስፖርት ደርሶ መልስ 160።

ቤት ስደርስ መብራት የለም። እሰየው፣ ሥራ ልጀምር አልኩ። ግን ብሬከሩን ጣልኩት። መብራት ጠፍቷል ብሎ መንካት አይሆንም፤ ሽቦው እጅህ ላይ እያለ ይመጣል።

የድሮው ቀዳዳ ውስጡ ወደ 3 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ሳልበሳ በቀጥታ በታፑ ልሞክር አልኩ። ታፑ ራሱ ይቆርጠዋል ብዬ። ሁለት ዙር ሄደ። ሦስተኛው ላይ ተሰበረ። ታፕ ጠንካራ ብረት ነው፣ ግን እንደ መስታወት ይሰበራል። በፑንታም አይበሳም። ዕድል ሆኖ ጫፉ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለነበር፣ በቀጭን ብረት ቀስ እያልኩ ወደ ግራ መታ መታ አድርጌ፣ ከዚያ በፒንሳ አፍንጫ ይዤ አወጣሁት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ለኤም 4 ቀዳዳው 3.3 ሚሊሜትር መሆን አለበት። 0.3 ሚሊሜትር ምንም አይመስልም። ለታፑ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ይህን በቆጣቢነት መዝለል 250 ብር አስከፍሎኛል፤ ሌላ አንድ ታፕ ለመግዛት ድጋሚ ኮምቦልቻ፣ ሌላ 160።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ዛሬ በደንብ ሄደ። ብሬከር ስለሚጣል ለትራፓኖው መብራት የለም። አባባ ገመድ በአጥር ላይ አሳልፈው ሰጡኝ። እየጾሙ ወንበር አውጥተው በር ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ስሠራ እያዩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽቦዎቹን ጫፋቸውን በናስትሮ ጠቅልዬ ወደ አንድ ጥግ አጠፋቸዋለሁ። ላያቸው ላይ ወፍራም ካርቶን እከታለሁ፤ ፑንታው ቢያልፍ እንዳይነካቸው። 3.3ቱን በዝግታ፣ ቀጥ አድርጌ አሳልፋለሁ። ከዚያ ታፑን የስፌት መኪና ዘይት አስነክቼ በእጄ። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ። ወደ ኋላ ስትመልሰው የተቆረጠው ብረት ሲለቅ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ቀጭ የምትል ትንሽ ድምፅ አለችው። ያቺን ሳልሰማ ወደ ፊት አልሄድም።

የቦክሱ ጆሮ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ያለበት ብረት፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ነው። ኤም 4 ከዚህ ውስጥ አምስት ጥርስ ያህል ይይዛል። የድሮው ጥርስ ጠባሳ በመጠኑ ይቀራል፤ ምክንያቱም እሱ እስከ 3.6 ቆርጦ ነበር። ግን ከ3.6 እስከ 4 ያለው አዲስ ብረት ስለሆነ ይዞታል። ብሎኑን አስገብቼ በሙሉ እጄ ሳብኩት፣ ንቅንቅ አላለም።

የብረት ብናኙ ቦክሱ ውስጥ መቅረት የለበትም። ከአሮጌ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት በፌስታል ጠቅልዬ ውስጡን አዞርኩበት። ጢም አውጥቶ ወጣ። ፌስታሉን ገልብጠህ ማግኔቱን ስታወጣው ብናኙ ሁሉ ፌስታሉ ውስጥ ይቀራል።

የተሰበረው 3.5 ብሎን ያለበትን ደግሞ መሃሉን በሹል ብረት ምልክት አድርጌ በ2 ሚሊሜትር በሳሁት፣ ከዚያ በ3.3። ትንሽ ወደ ጎን ሄዷል፤ ግን ሶኬቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ሞላላ ስለሆነ ችሎታል።

እስከ ማታ አምስት ቦክስ አለቀ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ዕቃውን ሰበሰብን። እማዬ ለአባባ ቴምርና ሾርባ ላከች።

እሑድ፣ መጋቢት 7

የብሎን ርዝመት። ከሶኬቱ ጋር የሚመጣው 25 ሚሊሜትር ነው። ግድግዳው ግን በስልሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለስኗል። ቦክሶቹ ወደ ውስጥ 20 ሚሊሜትር ያህል ሰምጠዋል። 50 ሚሊሜትር ኤም 4 ገዛሁ፣ 20 ፍሬ፣ አንዱ 10 ብር። በጣም ረጅም ብሎን ደግሞ ጀርባ ያለውን ሽቦ ይወጋል። እያንዳንዱን ለክቼ፣ ከጆሮው ጀርባ 3 ሚሊሜትር ብቻ እንዲያልፍ አድርጌ ቆረጥኩ።

ስትቆርጥ መጀመሪያ ዳዶ አስገባበት፣ ከዳዶው በታች በመጋዝ ቁረጥ፣ ጫፉን በሞረድ አስተካክል፣ ከዚያ ዳዶውን ፍታው። ዳዶው ሲወጣ የተበላሸውን ጥርስ ያቃናዋል። ይህን ያሳዩኝ አባባ ናቸው። ከዚያ በፊት የቆረጥኳቸው ሁለቱ አልገባ ብለውኝ ነበር።

አንዱን ሶኬት በጣም አጥብቄ ፊቱ ተሰነጠቀ። ከጀርባው ባዶ ስለሆነ ፕላስቲኩ ይጎብጣል። ሌላ 280 ብር። ከዚያ በኋላ በካቻቢቴ ሳይሆን በሁለት ጣት ኃይል ብቻ ነው ያጠበቅኩት። ሶኬቱ ግድግዳውን ነክቶ ካልተነቃነቀ ይበቃል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ከባዱ ዛሬ ነበር። የእማዬ መኝታ ቤት ቦክስ አንዱ ጆሮው የለም። ቀድሞ የሠራው ሰው በመዶሻ ሲመታው ሰብሮታል። ጥርስ የሚወጣበት ነገር የለም።

ቦክሱን ነቅሎ ማውጣት ግድግዳውን ማፍረስ ነው፤ ቱቦውም አብሮ ይላቀቃል። ስለዚህ ጆሮውን መሥራት ነበረብኝ። ከብረታ ብረት ቤት 3 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 15 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት አስቆርጬ ኤል ቅርፅ አስጎበጥኩ። 150 ብር። አንዱን ጎን በሞርሳ ይዤ ኤም 4 ጥርስ አወጣሁለት። ሌላውን ጎን ከቦክሱ ግድግዳ ጋር በብሎንና በዳዶ ማሰር አለብኝ። ዳዶው ከቦክሱ ውጪ ስለሚቀመጥ፣ በዚያ በኩል ልስኑን ሁለት ጣት ያህል ፈነቀልኩ። የብሎኑ ጭንቅላት ከውስጥ፣ ዳዶው ከውጪ። ሾል ያለው ጫፍ ሽቦው ጋ እንዳይሆን ነው እንዲህ ያደረግኩት። ከዚያ በጀሶ ደፈንኩት።

ሁለት ጊዜ አልገጠመልኝም። መጀመሪያ 2 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገባ፣ ሶኬቱ ዘመመ። ሮንዴላ ከሥሩ ጨመርኩ። ሁለተኛው ላይ ልክ መጣ። ከሁሉም ጆሮዎች የሚጠነክረው አሁን እሱ ነው።

የኩሽናው ፕላስቲክ ቦክስ ላይ ጊዜ አላጠፋሁም። የፕላስቲክ ጥርስ አንዴ ከተላጠ ሙጫም ክብሪት እንጨትም አያድነውም። አዲስ ቦክስ 45 ብር ነው። አወጣሁ፣ አዲሱን በጀሶ ተከልኩ፤ ለጀሶው በድምሩ 80 ብር ወጣ።

ሁለት ቦክስ ውስጥ የሽቦው ላስቲክ ሲነካ ይፈረፈራል። በእሳት ሲሞቅ የሚጠብቀውን ላስቲክ አለበስኩት፣ 100 ብር። ይህ ጊዜያዊ ነው። ሽቦው መቀየር አለበት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ግራውንዱን፣ የሾለከ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ፣ ለባለሙያ ሰጠሁ። ከ9ኙ ሶኬት ግራውንድ የነበረው 4ቱ ብቻ ነው። ቦክሱ ብረት ስለሆነ አንድ የተላጠ ሽቦ ቢነካው፣ ቦክሱም በላዩ ያሉት ብሎኖችም ኮረንቲ ይሆናሉ፤ የብሎኑ ጭንቅላት ደግሞ ፊት ለፊት ነው ያለው። ባለሙያው ግራውንድ አዳርሶ፣ እያንዳንዱን ቦክስም አስሮ፣ ለክቶ አስረከበኝ። 1,500 ብር።

ወጪው ሲደመር፦ ሶኬትና ዕቃ 5,335፣ ኮምቦልቻ ሁለት ጊዜ 320፣ ባለሙያ 1,500። ድምር 7,155 ብር። ከዚህ ውስጥ በስህተቴ የወጣው ቀጫጭኑ ብሎን፣ የጥፍሩ ሶኬት፣ የተሰበረው ታፕ፣ የተሰነጠቀው ሶኬትና አንዱ የኮምቦልቻ ጉዞ ነው፤ 1,130 ብር። በካሊፐር ቢጀመር ኖሮ አብዛኛው አይወጣም ነበር።

እያንዳንዱ ሶኬት ጀርባ ላይ በማርከር «ኤም 4፣ 2017» ብዬ ጽፌያለሁ። ቀጥሎ የሚፈታው ሰው ቦክሱ የእንግሊዝ መስሎት ሌላ ነገር እንዳይፈልግ።

አባባ የሰጡኝን 5 የነሐስ ብሎኖች ልመልስ ሄድኩ። «ያዛቸው» አሉኝ፣ «ማብሪያ ማጥፊያዎቹስ?»

ተመልሼ የኮሪደሩን አንድ ማብሪያ ፈታሁ። ያው ቦክስ ነው፣ ያው ቢኤ 4። ብሎኑ ግን የድሮው ነው፣ ማንም አልነካውም፣ በጣት ይፈታል በጣት ይገባል። እሱን አልበሳውም። ማብሪያው ራሱ ሲበላሽ በራሱ ብሎን አስረዋለሁ። ሳሎን ያሉት ሁለቱ ግን ጥርሳቸው ተበልቷል፤ 3.3ቱ ፑንታ አሁንም ስለት አለው፣ ከፋሲካ በኋላ እቀጥላለሁ።